ጊታሬና የመሪጌታ ቆዳ

መካነ ኢየሱስ ከተማ ሳስተምር፣ ከአስመራ በሣጥን ያስመጣሁትን የኤሌክትሪክ ጊታር ራሴ ገጣጠምኩት። ለጓደኛዬ ሠርግ ልጫወት ቃል ገብቼ፣ በባትሪ ማጉያዬ ብሞክረው ጭጭ! ለካ ሆዱ ውስጥ አንድ ሽቦ ተበጥሷል፤ እጅ የሚያስገባው ደግሞ ደረቱ ላይ ያለው ቀዳዳ ብቻ ነው። ጊታሩን ቤት ትቼ መበየጃ ፍለጋ ደብረ ታቦር ደርሼ በሠርጉ ዋዜማ ስመለስ፣ ለቤተ ክርስቲያን ከበሮ የሚሠሩት አከራዬ መሪጌታ በኩራት ተቀበሉኝ።

«ድምፁ በቀዳዳው እያመለጠ ነው ያስቸገረህ፤ ደፈንኩልህ!» እርጥብ የበሬ ቆዳ ወጥረው፣ በጠፍር ጠፍረው፣ ፀሐይ ላይ አድርቀውታል።

«የኔታ፣ ክሮቹስ?»

«እነሱማ ቆዳውን አላስወጥር ቢሉኝ በጠስኳቸው።»

«እግዜር ይስጥልኝ» አልኩ፤ ሌላ ምን ይባላል? በማግስቱ ቃሌን አከበርኩ፤ ጊታሬን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ደለቅሁት። ሠርገኛው እስክስታውን ወርዶ ወርዶ ሲያበቃ፣ የሙሽራው አባት ጠጋ ብለው «ይህ ኤሌክትሪክ የሚሉት ከእኛው ከበሮ በምን ይበልጣል?» አሉኝ።