አጥቤ ያስረከብኩት ጠፍር

ልጆች፣ እረፉና ቁጭ በሉ፤ አንቺም የምልሽን ጻፊ። ላሜ የተሰረቀች ጊዜ አገሩ ሁሉ ሌባውን ለማውጣት ለአውጫጭኝ ተቀመጠ። ፖሊሱ ሌባው የጣለውን ጠፍር ይዞት ለመጣው ውሻ አስሸተተ። ውሻው ወንዱን ሁሉ አልፎ እኔ እግር ስር ተቀመጠ። ባሌ አንገቱን ደፋ።

«እሜቴ፣ ጠፍሩን ምን አደረጉት?» አለኝ ፖሊሱ።

«አጠብኩት፤ በቅቤም አለሰለስኩት። ለመንግሥት ሰው ጭቃ ይሰጣል?»

«ለውሻ እኮ የሌባው ስም እድፉ ነው። አጥበው የራስዎን ጻፉበት።»

አገሩ ሳቀ። ደግነቱ ሌባው የጣላትን ዱላ አላጠብኳትም። ውሻው እሷን አሽትቶ ወንዙ ዳር ካለው ደንገል ውስጥ ጭልጥ አለ፤ ስንከተለው ሌባው የለም፣ ላሜ ግን እዚያ ታስራ ታመነዥካለች። ደስ ቢለኝ ለውሻው በባሌ ዋንጫ ወተት ሰጠሁት። ባሌ «በይ ዋንጫዬን እጠቢ» ሲለኝ፣ «ከእንግዲህ ፖሊስ ሳላስፈቅድ አላጥብም» ብዬው፣ ያ ዋንጫ እስከ ዛሬ... አቤት? መጣሁ፣ መጣሁ...