አረንጓዴ ሹራብ የለበሰችው ሴትዮ

— ሄሎ? … አቤት ልጄ፣ እኔው ነኝ። … አለሁ፣ ደህና ነኝ። … ቆይ፣ የአንተን ከመስማቴ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅህ። መንገድ ላይ የማታውቀው ሰው «ከየት ነው የመጡት?» ቢልህ ምን ትለዋለህ? … እህ። «ከቤቴ»። አየህ፣ አንተ ሳታስብ መለስከው። እኔ ያን ዕለት መልስ አጣሁለት።

— የቱን ዕለት? እነግርሃለሁ፣ አትቸኩል። … ቆልፌያለሁ፣ አዎ። … ሁለቱንም። አንተ ልጅ፣ በደወልክ ቁጥር በር ቆለፍሽ ወይ ትለኛለህ፤ እኔ በሩን የሚያንኳኳ ሰው ናፍቆኝ።

— ዜናውን? … አዎ፣ የረቡዕ ማታውን። አይቼዋለሁ። እስቲ አንተ ያየኸውን ንገረኝ። … እሺ። … የትምህርት ቤቱ ግንብ። … ረጅም ሰልፍ። … «ስደተኞች እርዳታ ለመቀበል ሰፈሩን አጥለቀለቁት»፣ ከታች በቀይ ተጽፎ። እሱን እኔም አንብቤዋለሁ። … አዎ፣ ራሴ። እነግርሃለሁ አልኩህ እኮ።

— ከዚያስ? … ጋዜጠኛው አንዷን ጠየቃት። … ከየት ነው የመጡት ሲላት ፊቷን በወረቀት ሸፈነች። … «የሚደብቁት ነገር ባይኖር ፊታቸውን ባልሸፈኑ»። ይሄን ያለው ጋዜጠኛው ነው ወይስ አንተ? … እሺ፣ ሁለታችሁም።

— ሴትየዋ ምን ለብሳ ነበር? … አስታውስ እስቲ። … አረንጓዴ ሹራብ። ክርኑ ላይስ? … ቡኒ ጨርቅ የተጣፈበት። ዓይንህ ጥሩ ነው። ያን ሹራብ ታዲያ ማን ነው የገዛልኝ?

— ሄሎ? … ሄሎ፣ ትሰማኛለህ? … መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ነው።

— አዎ። እኔ ነኝ። … ምንም አልሆንኩም። እርዳታም አልለመንኩም። ሰልፉ የማታ ትምህርት ምዝገባ ነበር፣ የፊደል ክፍል። ከፊቴ ግንበኛው ነበር፣ የወጥ ቤታችንን ግድግዳ የሠራው፤ ከኋላዬ የዳቦ ቤቷ ሴትዮ። ከሌላ አገር የመጡ ካሉም ሁለት ሦስት ቢሆኑ ነው፤ እነሱም እንደኛው ስማቸውን ሊያስጽፉ።

— ለምን ሸፈንሽ? … አፍሬ ነዋ። በዚህ ዕድሜዬ ፊደል ልቆጥር ተሰልፌ ካሜራ ሲመጣብኝ፣ ልጄ ያየኛል ብዬ። አየኸኝም፤ አላወቅከኝም እንጂ።

— አትማል። አልተቆጣሁም። … ከታች «ስደተኞች» ሲልህ ስደተኛ አየህ። እኔስ ምን ስሆን ኖርኩ? ያቺ ስደተኛ ልብስ ሰፊ ከጎኔ የተከራየች ጊዜ፣ ትሰርቀኛለች ብዬ ሁለት ወር ሙሉ ልብሴን ውጪ አላሰጣሁም። አናግሬያት አይደለም፤ ያ ቴሌቪዥን የነገረኝን ይዤ ነው። … አዎ፣ ቤት ውስጥ ገመድ የዘረጋሁ ጊዜ። እርጥብ ካልሲ በጥፊ የመታህ።

— ፊደሉን ማን እንዳስጀመረኝ ታውቃለህ? … እሷው ናት። … አዎ፣ የሰው አገር ሰው። በትልቅነቷ ቋንቋችንን ለምዳ፣ እዚሁ ለተወለድኩት ለእኔ ፊደል አስቆጠረችኝ። ጨርቅ ላይ በሳሙና ስባሪ ትጽፍልኛለች፣ እኔ በጣቴ እከተላለሁ። ከዚያ ጠረግ ታደርገውና ጨርቁን ትቆርጠዋለች። የስንቱ ሰው ቀሚስ በእኔ ስህተት ላይ ተሰፍቶ ሄዷል መሰለህ። ሲበቃት ደግሞ «እማማ፣ አሁን ሄደው ይመዝገቡ» ብላ ገፋችኝ።

— ግቢ እህቴ፣ ግቢ፣ ክፍት ነው። ስልኩ ላይ ልጄ ነው። … እዚያ ወንበሩ ላይ አድርጊው። ትንሽ ተቀመጪ።

— እሷው ናት የመጣችው። እሺ፣ አልቆለፍኩም። ዋሸሁህ። አንተስ ስትዋሸኝ ኖረህ የለ? የአራተኛ ክፍል ካርድህን አውጥቼ አነበብኩት። «ጨዋ ልጅ ነው ይላል» ብለህ ያነበብክልኝ፣ ለካ «አጠገቡ ከሚቀመጠው ልጅ ጋር ይደባደባል» ነው የሚለው። … ሳቅ። ሳቅህም ናፍቆኛል።

— አሁን ስማኝ። ሐሙስ ጠዋት የሕንፃው ኮሚቴ ሰብሳቢ ወረቀት ይዞ መጣ። እዚህ ጋ ይፈርሙ አለኝ። ድሮ ቢሆን አውራ ጣቴን እሰጠው ነበር። ላንብበው አልኩት። በሩን ተደግፎ ቆሞ ሰዓቱን እያየ ጠበቀኝ፤ እኔ ፊደል በፊደል ስለቅም። ምን እንደሚል ታውቃለህ? … ታውቃለህ ወይ ነው የምልህ። … እንግዲያው እኔ ልንገርህ፣ ከመደጋገሜ ብዛት በቃሌ ይዤዋለሁ። «በሦስተኛ ፎቅ ብቻቸውን የሚኖሩ እናት ከስደተኛዋ ጎረቤታቸው የተነሣ ስጋት ላይ መሆናቸውን ልጃቸው የረቡዕ ማታውን ዜና ጠቅሶ በስልክ ስላመለከተ፣ ተከራይዋ ቤቱን እንድትለቅ እንጠይቃለን።»

— ቀስ ብለህ ንገረኝ።

— አውቃለሁ። … ለእኔ ብለህ መሆኑን አውቃለሁ ልጄ። ከማን እንደምታድነኝ ግን መጀመሪያ እኔን መጠየቅ ነበረብህ።

— አልፈረምኩም። … ቆይ፣ አታመስግነኝ። ምንም አላልኩምም። «ሰልፉ ላይ የነበርኩት እኔ ነኝ» ብለው አንድ ትንፋሽ ነበር። ለካ ይህን ያህል ዘመን ማንበብ ሳይችሉ ነው የኖሩት ይለኛል ብዬ ዋጥኩት። ከእኔና ከእሷ ቤት በቀር አሥሩም ቤት ፈረመ። አከራዩም እስከ ቅዳሜ ቀትር ልቀቂ አላት። ሐሙስን ዝም፣ ዓርብን ዝም። ዛሬ ጠዋት ነው ሹራቡን ለብሼ በየበሩ እያንኳኳሁ ሰልፉ ላይ የታየሁት እኔ መሆኔን የነገርኳቸው።

— ምን ይላሉ? የዳቦ ቤቷ ሴትዮ ወንድም እንኳ፣ አንደኛ ፎቅ ያለው፣ እህቴም እዚያ ሰልፍ ላይ ነበረች አለኝ፤ ግን ፈርሟል። ሰብሳቢው ደግሞ «እርስዎማ የኛው ነዎት፣ እርስዎን ማን አለ» ብሎ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። ወረቀቱን ግን አልቀደደውም።

— አሁን ብትደውልለት? … ደውልለት። አትተወው። ግን ዕቃዋን የሚወስደው መኪና ታች ቆሟል፤ የስፌት ማሽኗም ተጭኗል።

— ላናግራት? … ቆይ። እህቴ፣ ልጄ ሊያናግርሽ ፈልጎ ነው። … እሺ። እሺ፣ ግድ የለም። … አልቻለችም ልጄ። ሹፌሩ እየጠራት ነው። … አልሰደበችህም፣ ምንም አላለችም። እጇን ነው ያወዛወዘችው።

— ወንበሩ ላይ ያስቀመጠችው? ሹራቤን ነው። ጠዋት ለብሼው ስገባባት ሁለተኛው ክርኑም መበሳቱን አየች። ማሽኑን ከማስጫኗ በፊት አስወልቃ ጣፈችው። ከዚያኛው ጋር አንድ ዓይነት ጨርቅ ፈልጋ።

— ነይ፣ ልቀፍሽ። … ስልኩን እንደያዝኩ ነው፣ ምንም አይደል። … በይ። በይ እህቴ።

— … አለሁ። መስኮቱ ጋ ሄጄ ነው። … ከአገሩስ አልወጣችም፣ ሌላ ሰፈር ይሆናል። የት ነው የምትሄጂው አልኳት። እሷም መልስ አጣችለት።

— እመጣለሁ? … ና። ነገ እሁድ ብትመጣ ደስ ይለኛል። አንኳኳ ብቻ፣ በሩን አልቆልፍም። … አላለቅስም። ደረጃው ላይ የማሽኗ ድምፅ አለመኖሩን እየሰማሁ ነው። ምሳ ሰዓት ላይ ሁልጊዜ ይሰማ ነበር።

— ተነሣ መኪናው። … አዎ፣ ታጠፈ። … በል ልዝጋው። አሥሩም ቤት በቦታው አለ፣ እኔም አለሁ። የሄደችው እሷ ናት። ደህና ዋል።