ከመንገድ ያገኘነው አሸዋ

እስካሁን ሳስበው ክው ነው የምለው። በሰው አገር፣ ሳሃፋ የሚባል ሰፈር የተከራየናት ቤት ግቢዋ ዝናብ ከጣለ ጭቃው ጫማ ያስቀራል። ሁለቱ ልጆቼና ውሻችን ቡቺ በጭቃ ተለውሰው ሲገቡ አንጀቴ እርር ይላል። አንድ ጠዋት ታዲያ ከበራችን ፊት ለፊት ደረቅ አሸዋ ተቆልሎ አየሁ። ከግንበኛ የተረፈ መስሎኝ «ያላ፣ ቶሎ በሉ፣ ባልዲ አምጡ!» አልኳቸው። ልጆቹ ሲያመላልሱ፣ ቡቺ ሲንከባለልበት፣ እስከ ቀትር ግቢው ሌላ ግቢ ሆነ። ከኪሴ አንድ ጊኒ እንኳ አላወጣሁም!

እጄን ታጥቤ ሳልጨርስ ድንኳን የተሸከሙ ሰዎች መጡ። ከፊት ያለው የጎረቤቴ የሐጅ ዑስማን ልጅ ነው፤ ዓይኑ ደም መስሏል። «እህቴ፣ እዚህ የነበረውን አሸዋ ማን ወሰደው? አባታችን ሆስፒታል እንዳሉ አረፉ። ለቀስተኛው ጭቃ ላይ እንዳይቀመጥ ያስመጣነው ነበር» አለኝ። በሐጁ ሞት ልጩህ ወይስ በራሴ ጉድ? አፌን ሳልከፍት ቡቺ አሸዋውን እንደለበሰ ከግቢዬ በር ብቅ አለ።

«መልሰን እናወጣዋለን!» ብዬ ባልዲውን አነሳሁ። ልጁ ወደ ግቢዬ አየት አደረገና «ተይው። ሴት ለቀስተኞቹ እዚያው ይቀመጣሉ። ውሻውን ብቻ እሰሪልን» አለኝ።

ሦስት ቀን ሙሉ ሴቶቹ እኔ ዘንድ ተቀምጠው አለቀሱ። የሐጁ ሚስት እጄን ይዘው «ለእኛ ብለሽ ግቢሽን እንዲህ አሳመርሽ፤ አላህ ይስጥሽ!» ብለው መረቁኝ።

አሜን ማለት አቃተኝ።