የተደፈነው ምንጭ

ነገሬ ሁሉ የተበላሸው ከመሥሪያ ቤቴ ባለሙያዎች ይዤ ስማዳ ቆላ የወረድሁ ዕለት ነው። ጂኦሎጂ ተምሬያለሁና ጥቁር ቅባት የሚንሳፈፍበት ምንጭ አይቻለሁ፣ ነዳጅ ሳይኖር አይቀርም ብዬ ነበር፤ ደርቆ አገኘነው። አለቃዬ ውሸታም ብሎ አባረረኝ።

ዘንድሮ ያው አለቃ የስማዳ ከተማ ወገዳ ላይ ሕዝብ ሰብስቦ "ነዳጅ አለን! ያገኘሁትም እኔ ነኝ!" ይላል። ከሕዝቡ መሀል አጠገቤ የተቀመጡት የምንጩ ባለ መሬት አባ ታከለ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

"ልጄ፣ ነፍሴን ፈራሁ። ያኔ እናንተ ከመምጣታችሁ በፊት ምንጩን በድንጋይና በጭቃ የደፈንነው እኛ ነን። ነዳጅ ከታየ መሬታችሁን ትነጠቃላችሁ አሉን።"

"ማን ነው ያላችሁ?"

በአገጫቸው ወደ መድረኩ ጠቆሙኝ። ተነሣሁ። አንቱታውንም ተውሁት።

"ምንጩን ለምን አስደፈንኸው?"

"ወንድሜ፣ አጀንዳችን ልማት ነው፤ ተቀመጥ።"

"አልቀመጥም! ይህ ሁሉ ሕዝብ እየሰማ መልስልኝ!"