ይህ በዓል ይለፍና

ጊዜው ጥቅምት ሊያልቅ ሲል ነው። ዝናቡ ቆሞ የብስራተ ገብርኤል ሰፈር ጭቃ ወደ አቧራ ተለውጧል። ከቤቱ እምብዛም የማይወጣው በኃይሉ ያን ቀን ሳሙና ሊገዛ ብቅ ሲል፣ ጎረቤቱ አቶ ሙሉሰው ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ ወገባቸውን ሰበር አድርገው፣ አጥር ላይ ለተሰጣ ጋቢ ሰላምታ ሲያቀርቡ ደረሰባቸው።

«እንደምን ሰነበቱ እመቤቴ? ልጆቹስ ደኅና ናቸው?» ይሉታል ጋቢውን። ጋቢው ውሃ ያንጠባጥባል።

በኃይሉ ሊስቅ ዳድቶት ነበር፤ ሽማግሌው ግን የምራቸውን ነበር። ቀረብ ብሎ እጅ ነሣና «ጋሼ፣ ሴትየዋ ገና አልወጡም። ይህ ልብሳቸው ነው» አላቸው።

«ለልብሷም ቢሆን ሰላምታ አይበዛባትም» አሉ አቶ ሙሉሰው ባርኔጣቸውን እየደፉ። ፊታቸው ግን ጠቁሯል። በኃይሉ ክንዳቸውን ይዞ ወደ ቤታቸው መለሳቸው።

ይህ ልጅ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሶ ነጥብ ስላልመጣለት ቤት ከዋለ ሰነባብቷል። ቤት መዋልን ያልቀመሰው አያውቀውም። ጧትና ማታ አንድ መልክ ይይዛሉ። እናት ሕመምተኛ የተኛበት ቤት ይመስል ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ትናገራለች። ጓደኛም ከሩቅ ሲያይ መንገድ ይቀይራል። በኃይሉ ጣራ ጣራውን እያየ በሐሳቡ አገር ላገር ሲዞር ይውልና፣ ሲነቃ ወሩ አልቆ ያገኘዋል። ይህ ቢያስፈራው አንድ ሥርዓት ለራሱ አበጀ። ወር ሲብት ሊሠራ የሚሻውን ጥቂት ነገር ይወስናል፤ ወሩ ሲያልቅ ደግሞ ምን ሠራሁ ብሎ ራሱን ይጠይቃል። ሰፈሩ ይህን ሰምቶ «ባለ እቅዱ» አለው። ስሙን ያወጡለት አቶ ሙሉሰው ናቸው። እርሳቸው በቀድሞው መንግሥት የአንድ መሥሪያ ቤት የእቅድ ክፍል ሹም ነበሩ፤ መንግሥት ሲለወጥ ተሰናብተው እንደርሱ ቤት ዋሉ።

በረንዳው ላይ የአቶ ሙሉሰው ባለቤት እትዬ ወርቄ በርበሬ አስጥተው ያገላብጣሉ። ሽማግሌው መቀመጫቸውን በእጃቸው ፈልገው ተቀመጡ፤ ያፈሩበትን ነገር ለማስረሳት ይመስላል፣ ልጁን በነገር መንካት ጀመሩ።

«ወሩ እንዴት ይዞሃል፣ ባለ እቅዱ?»

«ሊያልቅ ነው፣ ጋሼ።»

«ምን ሠራህበት?»

በኃይሉ አልዋሸም። ፈተናውን በግል ለመፈተን የሒሳቡን መጽሐፍ ሊያጋምስ አስቦ ነበር፤ አላጋመሰም። ወጣ እያለ ከሰው ሊጫወት አስቦ ነበር፤ አልወጣም። የፈጸመው ጓሮውን ቆፍሮ ጎመን መትከል ብቻ ነው፤ እሱንም ዶሮ ጫረችው።

አቶ ሙሉሰው ከት ብለው ሳቁ። «እንግዲያው እኔና አንተን ምን ለየን? እኔ ሳላቅድ ምንም አልሠራሁ፤ አንተ አቅደህ ምንም አልሠራህ። እንዲያውም ለእኔ ድካሙ ቀርቶልኛል።»

ከዚያም ስለ እቅድ የሚያውቁትን ሁሉ ዘረዘሩ። በሥራ ዘመናቸው እቅድ ማለት ወደ ላይ የሚላክ ወረቀት ነበር። ፋብሪካው ቢቆምም ወረቀቱ ይሠራል፤ ሪፖርቱም ከእቅዱ በልጦ ይመለሳል። ይህ ቢቀር እንኳ ሰው ነገን የኔ ነው ማለቱ በፈጣሪ ላይ መድፈር ነው አሉ። ሁሉም እንደ ፈቃዱ ይሆናል፤ እቤቱ የተቀመጠ ሰው ደግሞ ከመጠበቅ ሌላ ሥራ የለውም።

«ፈቃዱንማ ማን ይቃወማል?» አለ በኃይሉ በትሕትና። «ከከተማው ዳር ለቡ ያሉት ገበሬዎች ዝናቡ የእግዜር ነው ብለው ዘሩን ጎተራ ውስጥ አያቆዩትም። የመሥሪያ ቤቱም እቅድ የከሸፈው ስለታቀደ አይመስለኝም፤ በመጨረሻው እውነቱን የሚጠይቅ ስለጠፋ ነው። እኔ የምዋሸው አለቃ የለኝም። መውደቅን ማወቅ ደስ አይልም፣ ጋሼ፤ እህል ያስጠላል። ግን መውደቁን ያላወቀ ሰው እንዴት ይነሣል?»

«አንተስ አውቀህ መቼ ተነሣህ?»

ነገሩ እውነት ነበረ። በኃይሉ የጋቢው ነገር ትዝ ብሎት ዓይናቸውን መቼ እንዳመማቸው ጠየቀ።

ሕመም የለውም፣ ጭጋግ ብቻ ነው አሉ፤ የጀመራቸውም በጥምቀት ሰሞን ነው። ሐኪም ዘንድ ሊሄዱ አስበው፣ ሁዳዴ ይለፍና አሉ። ቀጥሎ ፋሲካ ይለፍና፣ ቀጥሎ ክረምቱ። ፍልሰታ ሲገባ ፍልሰታ ይለፍና፤ ከዚያ ዘመን መለወጫ መጣ፣ መስቀል ተከተለ።

«አሁን ደግሞ የኅዳር ሚካኤል ይለፍ ብሎኛል» አሉ እትዬ ወርቄ ከበርበሬው ቀና ሳይሉ። «እሱ የሚጠብቀው ትልቅ በዓል የሌለባት ወር ጳጉሜ ብቻ ናት። እሷን ደግሞ አጭር ናት፣ ምን ይሠራባታል ይላል።»

በኃይሉ አልሳቀም። «ጋሼ፣ እስቲ ቀኝ ዓይንዎን በመዳፍዎ ይሸፍኑና በግራዎ ይዩኝ።»

«ለምን ብዬ?»

«ለግምገማ።»

«በሬድዮ የምንሰማው አንሶ ግምገማው በረንዳዬ ድረስ መጣ?» አሉ አቶ ሙሉሰው፤ ሆኖም ልጁን ለማስደሰት ያህል ሸፈኑ። አንገታቸውን ወዲያና ወዲህ አዞሩ።

«ወርቄ» አሉ በመጨረሻ፤ «ደመና ገባ እንዴ?»

«ኧረ ፀሐይ ነው። በርበሬው ሲንኮሻኮሽ አትሰማም?»

መዳፋቸው ከቀኝ ዓይናቸው ላይ ሳይወርድ ብዙ ቆየ። ቀኙ የግራውን ሥራ ደርቦ ሲሠራ ስለኖረ መሞቱን ደብቆባቸው ነበር። እትዬ ወርቄ ወደ ባላቸው ተመልክተው ነገሩ ሲገባቸው፣ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው አስጠጉ።

«ጠፍታለች» አሉ አቶ ሙሉሰው። «ዶሮ ስትጠፋ እንኳ ቀኑ ይታወቃል። እኔ የገዛ ዓይኔ የጠፋችበትን ወር አላውቀውም።»

በኃይሉ በክርክር መርታቱ ምንም ደስታ አልሰጠውም፤ በተረታሁ ብሎ ተመኘ። በሚብተው ወር ብዙ ነገር ማሰብ አያስፈልግም፣ ቀኟን ለሐኪም ማሳየት ብቻ ይበቃል አላቸው። አቶ ሙሉሰው «እሺ፤ እንግዲህ ሚካኤል...» ብለው ጀመሩና ቃሉ አፋቸው ውስጥ ሞተ።

«ነገ አድርሰኝ፣ ልጄ» አሉ።

ሐኪሙ ብዙ አልተናገረም። የዓይን ግፊት ነው አለ፤ ሳያሳምም የሚሰርቅ። የግራው ብርሃን አይመለስም፤ ቀኙም ተነክቷል። ጠብታው ሳይጓደል ከተደረገ የቀረው ብርሃን ሊቆይ ይችላል፤ ዋስትና ግን አልሰጥም አለ። በጥምቀት ሰሞን መጥተው ቢሆን ኖሮ ብሎ ጀመረና ሳይጨርሰው ቀረ።

ኅዳር ሲያልቅ ሦስቱ በረንዳው ላይ ተቀመጡ። ጠብታው ካንድ ቀን በቀር አልተጓደለም፤ የተጓደለችውን ቀን አቶ ሙሉሰው ራሳቸው ተናገሩ። በኃይሉም የሒሳብ መጽሐፉ ገና ሩቅ እንደሆነ ተናገረ። ነገር ግን ከሰው መጫወቱን በዚህ ወር አላጎደለም፤ በየቀኑ ጠብታ ሊያደርግላቸው ይመጣ ነበርና።

ወሩን የሚጠይቅ ሰው ባለጠጋ አይሆንም፤ ቤት ለሚውልም ሥራ አይወርድለትም። ጥቅሙ ሌላ ነው። የጠፋበትን ያውቃል፤ የቀረውንም ሳይጠፋ ይጠብቃል። ብቻውን ሲጠይቅ ሐዘን የሚሆንበት ነገር ከጎረቤቱ ጋር ሲጠይቅ ሸክሙ ይጋመሳል። በዓል ቀኑን ጠብቆ ራሱ ይመጣል፤ ለሰው ሲል ግን የሚቆም ወር የለም።

«ለታኅሣሥስ ምን አሰቡ፣ ጋሼ?» አለ በኃይሉ።

«ጠብታውማ ይቀጥላል። ሐኪሙ ግን ዋስ አልሆነኝም» አሉ። «ስለዚህ ከዚህ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር ያለውን መንገድ ዓይኔን ጨፍኜ እለምዳለሁ። ስሳሳት ገልጬ የምመለከትባት ዓይን እያለችልኝ መልመዱ ይሻላል።»

እትዬ ወርቄ ፊታቸውን አዞሩ። አቶ ሙሉሰው በትራቸውን አንሥተው ቆሙ፤ ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ በእግራቸው ደረጃውን ይፈልጉ ጀመር። በኃይሉ ክንዳቸውን ሊይዝ ቢነሣ በእጃቸው መለሱት።

«ከኋላዬ ሁን» አሉት። «ካልወደቅሁ አትያዘኝ።»