ዲባ ሳይመለስ ድራም አይቆምም

ድራም እየመታሁ እንደዚያን ቀን ፈርቼ አላውቅም። ነገሌ ላይ ባንድ ነበረን፤ ግጥም የሌለው ረጅም ሮክ እንጫወታለን። መሃል ላይ ሁሉም ከመድረክ ይወርዱና እኔ ብቻዬን እመታለሁ። ደንባችን አንድ ነው፦ ጊታሪስቱ ዲባ ሳይመለስ ድራም አይቆምም። ኋላ የቀበሌው ሊቀመንበር «ቃል የሌለው ዘፈን የሚደብቀው ነገር አለ» ብሎ ሊያሳስረን ሲል፣ ዲባ በሞያሌ አድርጎ ኬንያ ገባ፤ ስሙም ከተፈላጊዎች ዝርዝር ሳይወጣ ቀረ። ባንዱም ተበተነ።

ከዓመታት በኋላ በኦርጋኒስታችን ሰርግ የቀረነው ተሰባስበን ያንኑ ሙዚቃ ጀመርን። ሊቀመንበሩ ከላይ ከመጡ ባለሥልጣናት ጋር ፊት ለፊት ተቀምጧል። ተራዬ ደርሶ ብቻዬን ስመታ፣ ከኋላዬ ጊታር ተቀላቀለኝ። ዞር ስል ዲባ ነው! «አካም! ዘገየሁ እንዴ?» አለኝ እየሳቀ። ሊቀመንበሩ ብድግ ብሎ መጣና ጆሮዬ ሥር ጎንበስ አለ።

«እንዳታቆም። ካቆምክ እንግዶቹ ይሄ ማነው ይሉኛል፤ እኔም መናገሬ አይቀርም።»

ዲባን በዓይኔ ወደ ጓሮ በር ጠቀስኩት። ሳቁ ጠፋ፤ ጊታሩን አስቀምጦ ወጣ። ሰው አጨበጨበ፣ ሊቀመንበሩም አጨበጨበ፣ እኔ ግን እመታለሁ። በመጨረሻ ዱላውን ከእጄ የነጠቀኝ ሙሽራው ነው።

«ምን ሆነሃል? አለቀ እኮ!»

የት አለቀ? ዲባ አልተመለሰማ።