የመሪጌታ ሣህለ ማርያም ግድግዳ

ይህ ታሪክ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እውነት ነው። አንዲት ቃል አልተጨመረበትም፤ እንዲያውም አንባቢ አያምንም ተብሎ ብዙ ተቀንሶለታል። ከቢቸና እስከ ሞጣ በመንገዱ ዳር የሚኖር ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ አላውቅም የሚል ቢገኝ ያን ሳምንት ሙሉ ተኝቶ የከረመ ነው። የሞጣው ጊዮርጊስ ምስክሬ ነው። ይህም አልበቃኝም የሚል ተጠራጣሪ ካለ፣ የመሪጌታ ሣህለ ማርያም ባለቤት ወይዘሮ ወለተ ኢየሱስ ዛሬም ሞጣ ከዚያው ቤታቸው አሉ፤ ሄዶ ይጠይቃቸው።

ጊዜው ሰባ ስምንት ዓመተ ምሕረት፣ ወሩ ግንቦት ነው። መሪጌታ ሣህለ ማርያም በሞጣ አውራጃ ተወዳዳሪ ያልነበራቸው የዜማ ሊቅ ነበሩ። ሞጣ ላይ ድምፃቸውን ከፍ ያደረጉ እንደሆነ ግንደወይን ላይ ያለ በሬ ጆሮውን ያቆማል ይባልላቸዋል፤ በሬው ራሱ ቢጠየቅ አይክድም። እኚህ ሰው አብሯቸው ለተማረ ወዳጃቸው ተዝካር ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት አስጽፈው ቢቸና ሄደው ነበር። ተዝካሩ አልቆ ወደ ሞጣ የሚመለስ መኪና ሲጠብቁ ዝናብ መጣ። ዝናብ ማለት ያ ነው! ከኖኅ ወዲህ እንደዚያ ያለ አልዘነበም። መሪጌታ ጋቢያቸውን ተከናንበው ከአንድ ሱቅ በረንዳ ሥር ሲጠጉ፣ ላስቲክ ለብሳ ቀድማ የተጠለለች ሴት አዩ። ዞር ስትል የገዛ ልጃቸው ጥሩአየሁ ናት፤ በዚያ ሰዓት ሞጣ ሦስተኛ ክፍል ማስተማር የነበረባት ጥሩአየሁ።

«አንቺ! ምን እግር ጣለሽ? ዛሬ ሐሙስ አይደለም እንዴ? ልጆቹን ማን ያዛቸው?»

«አባዬ! እርስዎ ነዎት? ባልደረባዬ ማናለሽ ያዘችልኝ። እርስዎስ መኪና አላገኙም?»

«የኔን ተይው። ፊትሽ እንዲህ የጠቆረው በብርድ ነው በሌላ?»

ጥሩአየሁ ከእግሯ ሥር የሚፈሰውን ጎርፍ እያየች ነገረቻቸው። ከዩኒቨርሲቲ መዝጋቢዎች ቢቸና መጥተው ሰንብተዋል፤ እስከ ቅዳሜ ስድስት ሰዓት ድረስ ብቻ ይቆያሉ። መምህራን በየክረምቱ የወሰዷቸውን አጫጭር ኮርሶች መርምረው፣ የተማሩትን ሰዓት በክሬዲት ይቆጥሩላቸዋል። የተቆጠረለት ሰው ከዲግሪው ትምህርት ያን ያህሉን እንደ ጨረሰ ሆኖ ይመዘገባል።

«እኔ ሰርተፊኬቶቼ አሥራ አንድ ናቸው» አለች። «አንድ ሦስተኛው ያልቅልኛል አባዬ። የቀረውን ክረምት ክረምት እየሄድኩ እማራለሁ፤ ሥራዬን አልለቅም፣ እናንተንም ጥዬ አልሄድም። ይኼ ካመለጠኝ ግን ያለኝ መንገድ አራት ዓመት ሙሉ ሥራ ትቶ መሄድ ነው። እሱን ደግሞ አልችልም።»

«ታዲያ ተመዝገቢያ! ምን ያስቆዝምሻል?»

«በእጄ የገለበጥኩትን አልተቀበሉኝም። ዋናውን አምጪ አሉኝ። ዋናዎቹ ከእርስዎ ሣጥን ናቸው፤ በነጭ ጨርቅ ጠቅልዬ ያስቀመጥኳቸው። እነሱን ላመጣ ነው የምመለሰው።»

መሪጌታ ይህን ሲሰሙ ዓይናቸውን ከልጃቸው ወደ ዝናቡ መለሱ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለፋሲካ ቤታቸውን ሲያሰማምሩ የጭቃውን ግድግዳ እንደ ሀገሩ ልማድ በጋዜጣ ለጥፈውት ነበር። ከበሩ ፊት ለፊት ያለው ወገን ሲቀር ጋዜጣው አለቀ። ሣጥን ከፈቱ። ነጭ ጨርቅ አገኙ። ጨርቁ ውስጥ ጠርዛቸው ያበራ፣ ማኅተም ያረፈባቸው፣ እንደ ብራና ደንደን ያሉ ወረቀቶች! የስንዴ ዱቄት በውሃ አፍልተው፣ አንድ በአንድ እየዳሰሱ፣ የልጃቸው ስም ለገባ እንግዳ ሁሉ እንዲታይ አድርገው ለጠፏቸው። በእሳቸው ቤት ክብር መስጠታቸው ነበር። ዕውቀት በደረት የሚያዝ ነገር ነው፤ ወረቀት ደግሞ ለግድግዳ ነው፤ እንዲህ ነበር የሚያስቡት።

ይህን አሁን እንዴት ይንገሯት? ሰው ጥፋቱን መናገር ሲያቅተው ክርክር ያነሣል፤ መሪጌታም አነሡ።

«ለመሆኑ» አሉ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «አንዱ ኮርስ ምን ያህል ጊዜ ነው?»

«ስድስት ሳምንት።»

«ስድስት ሳምንት! እኔ በስድስት ሳምንት የየኔታን ፊት እንኳ ቀና ብዬ አላየሁም። ዶሮ ጫጩት ለመፈልፈል ሦስት ሳምንት ትታቀፋለች። አንቺ በሁለት ዶሮ ጊዜ ሊቅ ሆንሽ?»

ጥሩአየሁ ሳትወድ ሳቀች። «አሥራ አንድ ጊዜ እኮ ነው የታቀፍኩት አባዬ።»

«ብትታቀፊስ! አንዱን አማኑኤል፣ አንዱን ደብረ ማርቆስ፣ አንዱን ግንደወይን። አንዱ የጤና አጠባበቅ፣ አንዱ የመሠረተ ትምህርት፣ አንዱ የእንግሊዝኛ ማስተማሪያ ዘዴ። ይኼ ትምህርት ነው ወይስ ከየድግሱ የተለቀመ ቁራሽ? ትምህርት ማለት አንድ ቦታ ቁጭ ብሎ፣ ጠጉር እስኪሸብት ነው።»

«እርስዎ ቅኔውን የት ተማሩ?»

«ጎንጅ ነዋ። ታውቂው የለም?»

«ድጓውንስ?»

«ቤተልሔም።»

«ዝማሬ መዋሥዕቱን?»

«ዙር አምባ። ምን ነካሽ፣ ዛሬ እኔን ልትመዘግቢኝ ነው?»

«ዙር አምባ ሲደርሱ የኔታ ‹ተመለስና ከፊደል ጀምር› አሉዎት?»

«ከፊደል? ለእኔ!» መሪጌታ ከቁጣቸው ብዛት ከበረንዳው ወጥተው ራሳቸውን በዝናብ አስመቱና ተመለሱ። «ድጓ ይዤ የሄድኩትን ሰውዬ!»

«ስለዚህ የቤተልሔሙን ቆጠሩልዎ፣ የጎንጁንም ቆጠሩልዎ፤ የጎደለውን ብቻ በላዩ ጨመሩ። ሦስት ቦታ የተለቀመው ነው ተሰብስቦ መሪጌታ ያደረገዎ። ለእኔ ሲሆን ለምን ቁራሽ ይሆናል?»

እዚህ ላይ አንባቢ ቆም ብሎ ያስተውል። በሀገራችን ያለው የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ከጥንት ጀምሮ ሲሠራበት የኖረው ሥርዓት ይኸው ነበር፤ ተማሪ ከመምህር ወደ መምህር ሲሄድ የያዘው አይጣልበትም። አዲስ ነገር መስሎን የምንፈራው ብዙ ጊዜ ስሙ ብቻ የተለወጠ የቤታችን ዕቃ ነው። መሪጌታም ይህ ገብቷቸዋል፤ ግን ግድግዳው አለ።

«የኔው ይለያል» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «እኔን አስዚመው፣ ጠይቀው፣ በጆሯቸው ሰምተው ነው የተቀበሉኝ። ወረቀት አላዩም።»

«እኔንም ፈትነውኛል። የፈተነኝ ሰው ግን እንደ በግ በመኪና ተጭኖ ቢቸና ሊመጣልኝ አይችልም። ወረቀቷ የእሱ አፍ ናት። ለመሆኑ የቤተልሔሙ የኔታ ለዙር አምባው መምህር ጽፈው አስይዘውዎት አልነበረም? ልጅ ሆኜ አሳይተውኛል እኮ። የት አለች?»

የመሪጌታ እጅ ሳያስቡት በትከሻቸው ወደ ተንጠለጠለው የዳዊት ማኅደር ሄደ።

«እዚችው ናት። ከዳዊቴ ጋር። ይኸው ሠላሳ ሁለት ዓመት፣ አንድ ቀን ዝናብ አልነካ...»

አልጨረሱትም። እጃቸውን ከማኅደሩ ላይ አነሡ። የእሳቸዋን ደብዳቤ በቆዳ ማኅደር፣ ከዳዊት ጋር፣ ሠላሳ ሁለት ዓመት። የልጃቸውን አሥራ አንድ?

«ጥሩዬ» አሉ።

«አቤት።»

«ለጥፌዋለሁ።»

«ምኑን?»

«ወረቀትሽን። ግድግዳው ላይ። ለፋሲካ።»

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ጥሩአየሁ ወደ አባቷ ዞረች።

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም። አንድም አላስቀረሁ። ስምሽ ከበሩ ፊት ለፊት እንዲታይ ብዬ ነው ልጄ። በላዩ ላይ ደግሞ...» አንገታቸውን ደፉ፤ «አጥብቄ ነው የለጠፍኩት። ዱቄቱን አንደኛ አድርጌ ነው ያፈላሁት።»

«ሊላጥ አይችልም?»

«ጭቃው ይዞት ይወርዳል እንጂ አይላጥም።»

ሌላ ሴት ብትሆን እሪ ትል ነበር። ጥሩአየሁ ግን ላስቲኳን አውልቃ በአባቷ ትከሻ ላይ ጣል አደረገች። ያ ላስቲክ ለመሪጌታ ከስድብ ሁሉ ከበዳቸው። ዝናቡ ውስጥ ገብተው ቆሙ፤ ከዚያም ታቦት ሲነሣ በሚያዜሙበት በዚያ ድምፃቸው እንዲህ አሉ፦

«ወረቀቱ አልነሣም ካለ ግድግዳው ይነሣል! ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ የምሸከመውም እኔ ነኝ!»

ዓርብ ጧት ሞጣ ላይ የሆነውን የዓይን ምስክር ያወራዋል። መቶ ሃያ ሰው መጥረቢያና መጋዝ ይዞ መጣ። ግድግዳውን ከነማገሩ ከቤቱ ለዩት፤ አንዲት ፍንጣሪ ጭቃ አልረገፈችም። አርባ ሰው በቀኝ፣ አርባ ሰው በግራ ሆኖ ተሸክሞ በታዘዘው ኤንትሬ የጭነት መኪና ላይ ጫነው። መሪጌታ ከላይ ቁጭ ብለው በሁለት እጃቸው ደገፉት። ግንደወይን ሲደርሱ ሕዝቡ ታቦት የሚያልፍ መስሎት ጫማውን አውልቆ እልል አለ፤ ሴቶቹ ተሳለሙ። በየኬላው ያለ ጠባቂ «ምን ጭናችኋል?» ሲል መሪጌታ «ትምህርት!» እያሉ ይመልሱ ነበር፤ የይለፍ ወረቀት የጠየቃቸው የለም።

ቅዳሜ ስድስት ሰዓት ሊሞላ ሦስት ደቂቃ ሲቀረው ግድግዳው ቢቸና ገባ። በበር አልገባ ስላለ መዝጋቢው ራሱ ወንበር ይዞ ወጣ። ወንበር ላይ ቆሞ የላይኛውን አነበበ፤ ተንበርክኮ የታችኛውን አነበበ። አሥራ አንዱንም ቆጠረ። «ጓዲት ጥሩአየሁ» አለ አቧራውን ከጉልበቱ እያራገፈ፣ «በሀገሪቱ ብዙ ማስረጃ አይቻለሁ፤ እንደዚህ የጸና ማስረጃ ግን አላየሁም። ተመዝግበሻል።»

መሪጌታ ከዚያን ቀን ወዲህ ሌላ ሰው ሆኑ። ከቅዳሴ በኋላ ከአጥሩ ሥር ሰው ይሰበስቡና ይመክሩ ነበር። «ልጆቻችሁ በስድስት ሳምንት የተማሩትን አትናቁባቸው» ይሉ ነበር። «ያወቀ ሰው ያወቀውን ድጋሚ ተማር ተብሎ ለምን ዕድሜው ይፈጃል? ቀን ሥራው ላይ የሚውለው፣ ልጅ የምታሳድገዋ፣ ታማሚ የሚያስታምመው እንደ ሌላው ተነሥቶ መሄድ አይችልም፤ በየክረምቱ ጥቂት ጥቂት ይዞ ቢመጣ ግን ከዲግሪው ይደርሳል። የተማሩት ይቆጠርላቸው! ወረቀታቸውንም ከዳዊታችሁ ጋር አኑሩ። ያማረ ነገር ሁሉ አይለጠፍም።» ይህን የሰማ የሞጣ ሰው ሁሉ ሣጥኑን ፈተሸ፤ በሦስት ዓመት ውስጥ ከአንድ ቀበሌ ብቻ ሁለት መቶ ዲግሪ ወጣ። ሀገር የሚለወጠው እንዲህ ነው፤ አንድ አዛውንት «አጥፍቻለሁ» ሲል።

ይህ ታሪክ በሠርግም በማኅበርም እንዲህ ተብሎ ሲነገር ኖረ። አምና የመድኃኔዓለም ማኅበር ተራው የወይዘሮ ወለተ ኢየሱስ ሆነና ከዚያው ቤት ተነገረ። ተራኪው ሁለት መቶው ዲግሪ ላይ ሲደርስ ከግንደወይን የመጣ አንድ እንግዳ ወደ ባለቤቲቱ ዘወር ብሎ «እውነት ነው እትዬ?» አላቸው።

ወይዘሮ ወለተ ኢየሱስ የሚያዞሩትን የዳቦ ሰፌድ አስቀመጡ።

«ቢቸና አልተገናኙም» አሉ፤ ድምፃቸው ከፍ አላለም። «እሳቸው፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ያን ሰሞን እግራቸውን አሟቸው ከቤት አልወጡም። ልጅቱ ሐሙስ ከሰዓት ከቢቸና መጣች። ሣጥኑን ልትከፍት ስትገባ ግድግዳውን አየችው። እዚያ ከበሩ ላይ ቆመች። እሳቸው ከመደቡ ሆነው ‹አማረ?› አሏት። ‹አምሯል አባዬ› አለች። ውሃ ጠጣችና ወጣች። ሌላ ነገር አልተነጋገሩም።»

«አሥራ አንዱ ወረቀትስ?»

«አራት ነበር። እሳቸው ወረቀቱ ለምዝገባ እንደ ተፈለገና እንዳመለጣት የሰሙት በዓመቱ ነው፣ ከባልደረባዋ ከማናለሽ። ያን ዕለት ጨርቅ በውሃ ነክረው አንዷን ጥግ ሲያርሱ አየኋቸው። ማኅተሙ ሲለቅ ጊዜ ተዉት። ለእሷም ሳይነግሯት ሞቱ።»

እጃቸውን ዘርግተው ከበሩ ፊት ለፊት የተንጠለጠለውን መጋረጃ ገለጥ አደረጉት። ግድግዳው ከቦታው አለ። አራት ወረቀት፣ አንዷ ጥጓ የደበዘዘ። ጥሩአየሁ የሚለው ስም ግን ከበር ይነበባል።

ከዚያ ወደ ተራኪው ዞሩ።

«ይህን አሁን የነገርኸንን በሕይወት እያሉ ብትነግራቸው ምን ነበር?» አሉት። «እውነት ባይሆንም ደስ ይላቸው ነበር።»